ሦስተኛው መዘግየት

እንጦጦ ማርያምን! ከዚህ በታች ከጻፍሁት አንዲት ቃል ውሸት ብትገኝ ምላሴን ለቀበና ውሾች ስጡት። በሰባ አምስት ዓመተ ምሕረት እኔ አባይነህ የትምህርት ቤት ዘበኛ ነበርሁ። ዘበኛ ስላችሁ አትናቁኝ፤ ሁለት ሺህ ተማሪ በአንድ ዐይኔ ነው የምጠብቀው። ደወላችን ባሕር ዛፍ ላይ የተንጠለጠለ የመኪና ቸርኬ ነው። እኔ ስመታው ግን ሱሉልታ ያሉ ላሞች ይደነብሩ ነበር።

ሕጉ አጭር ነው። ልክ ሁለት ሰዓት ሲሆን እደውላለሁ፣ በሩንም እዘጋለሁ። የዘገየ ልጅ ከበሩ ውጭ ጠጠር ላይ ይንበረከካል። ሦስቴ የዘገየ ይባረራል።

የሾፌሩ የከማለዲን ልጅ ሰብሪያ ሐሙስ ዕለት ለሦስተኛ ጊዜ ዘግይታለች ተብላ ተመዘገበች። ያን ቀን ከከፍተኛው አስተዳደር እንግዶች ይመጡ ስለነበር፣ አንድም ልጅ መንገድ ላይ ሲንጋጋ እንዳይታይ፣ “አቤት ዘበኛ!” እንዲሉኝ ጓጉቼ ነበር። አሉኝም። ከዚያ ወዲህ ግን ያንን ጠጠር ማየት አስጠላኝ።

ቅዳሜ የወላጅ ኮሚቴው በእሷ ጉዳይ ተሰበሰበ።

“ልጄ አትዘገይም” አለ ከማለዲን፣ ቆቡን በእጁ እያሻሸ። “ከቤት አብረን ነው የምንወጣው።”

“መዝገቡ ዘግይታለች ይላል” አሉ ዳይሬክተሩ አቶ ሠረቀብርሃን።

አላስቻለኝም፤ ተነሣሁ። “ጓዶች! ዘግይታለች፣ አልክድም። ግን ሕፃን ናት! ጉልበቷ ጠጠሩን ሳይነካ በሩን በርግጄ፣ አቅፌ አስገባኋት። መምህሩ ሊመታት ሲል መግረፊያ ጎማውን ቀምቼ ለሁለት ሰበርሁት! ይህ ጠጠር ይቅር፣ ልጅቷንም ማሩልኝ!”

“ጎማ ይሰበራል እንዴ?” አለ ከበሩ ፊት ለፊት ያለው ባለሱቅ ኤጀታ።

“በእኔ እጅ ይሰበራል!”

ቤቱ በሳቅ አውካካ፤ አንዳንዱም አጨበጨበ። ዳይሬክተሩ ሳይቀሩ ፈገግ አሉ። “በል ሰብሪያ ትጠራና ትመስክርልህ።”

ገባች። አንድ ጉልበቷ በሻሽ ቁራጭ ታስሯል። እኔ ያንን ላለማየት ኮርኒሱን ሳይ፣ ዳይሬክተሩ ያልሁትን ሁሉ ነገሯት።

“ጋሽ አባይነህ በሩን አልከፈቱልኝም” አለች፣ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ። “ደግሞም አልዘገየሁም። የጋሽ ኤጀታ ሱቅ ሬዲዮ ‘ሁለት ሰዓት ሆነ’ ያለው፣ ደወሉ ተደውሎ እኔ ከተንበረከኩ በኋላ ነው።”