የአዛናው ሰባተኛ ቀን

ቄስ ሀብተወልድ ሕፃን ማጥመቅ ካቆሙ አሥራ ሦስት ዓመት አልፏቸዋል። ለሰው የሚሰጡት ምክንያት ቁርጥማት ነው፤ «ቀዝቃዛ ውሃ እጄን ይቆረጥመኛል» ይላሉ። ቁርጥማት በሆነላቸው! ሌላው ካህን ሲያጠምቅ እሳቸው ወደ ኋላ ቆመው ያዜማሉ፤ ውሃው መፍሰስ ሲጀምር ግን ድምፃቸው ይሰበራል። ከጀርባቸው የሚቆም ሰው አለ። ቅዳሴ ይሁን ፍትሐት፣ አንዲት የግእዝ ቃል ከአፋቸው በወጣች ቁጥር ያ ሰው እንደሚያዳምጣቸው ይታወቃቸዋል። ዘወር ሲሉ ግድግዳ ነው።

አርብ ደግሞ ይብስባቸዋል። ሐረር አርብ ቀን ውሃ የማይንቆረቆርበት ግቢ የት አለ? የአጥር ጎረቤታቸው የአሚና ልጆች ለጁምዓ ውዱእ ሲያደርጉ ውሃው ድንጋይ ላይ ጠብ ጠብ ይላል፤ በዚያ መሀል አንድ የወጣት ድምፅ «አባ፣ ወራጅ ነው?» ብሎ ይጠይቃቸዋል። ይህን ጊዜ አገር ያከበራቸው ቄስ ጣታቸውን ጆሯቸው ውስጥ ይወትፋሉ።

«ኧረ እርስዎ ሰውዬ፣ ወስዋስ ይዞዎታል» ትላለች ሚስታቸው ገላነሽ።

«ጂን ነው እንጂ እህቴ!» ትላለች አሚና ከአጥሩ ወዲያ። «ሼኻችን መጥተው ቁርአን ይቀራባቸው፤ በአንድ ቀን ነው የሚለቃቸው።»

«የቄስ ሚስት ሆኜ ባሌ ላይ ቁርአን ላስቀራ? ኧረ በሕግ አምላክ!»

ሁለቱ ይሳሳቃሉ። ቄሱ አይስቁም። ጂን አለመሆኑን እሳቸው ያውቃሉ፤ ስም አለው። አዛናው ይባላል።

ነገሩ በሰባ ዓመተ ምሕረት ነው። ኅዳር ላይ መድፉ ጓሮ የሚተኮስ እስኪመስል ቀርቦ ሳለ ከተማው ቁስለኛ በቁስለኛ ሆነ። ሆስፒታሉ አልበቃ ብሎ አንድ ትምህርት ቤት ተለቀቀ። የቀበሌው ሊቀመንበር «ካህናቱም ቆመው ከሚውሉ ይሥሩ» አለና ለቄስ ሀብተወልድ ሁለት ጀሪካን ደረሳቸው። ቧንቧው ደርቋል፤ ከኤረር በር ታች ካለችው ጅረት እየቀዱ ያንን ዳገት መውጣት ነው። መጀመሪያ በልባቸው ተሳደቡ። በሦስተኛው ቀን ግን ሥራውን ወደዱት። ውሃ ይዞ የሚገባን ሰው ቁስለኛ በምን ዓይን እንደሚያየው ያየ ያውቀዋል።

አዛናው የተኛው አራተኛ ክፍል ውስጥ፣ ከሰሌዳው ሥር ነበር። ከወገራ የመጣ ሚሊሺያ ነው፤ ሃያ ሁለት ዓመቱ፤ ሆዱን ተመትቷል። ቄሱ ኩባያ ሲዘረጉለት እጁን ሰበሰበ።

«ዕቃውን አልነካም አባ፤ ርኩስ ነኝ። አፌ ላይ ጠብ ያድርጉልኝ።»

ጓደኛው ምሽግ ውስጥ ሞቶበት በጀርባው ተሸክሞ ነው ያወጣው። «በእኛ ሕግ ሬሳ የነካ ሰው ሰባት ቀን ርኩስ ነው» አለ። «በሰባተኛው ቀን ወራጅ ውሃ ወርዶ ይነከራል። ዛሬ ሦስተኛዬ ነው።»

«በእናንተ ማለት? እስላም ነህ?»

«ቤተ እስራኤል ነኝ።» ዓይናቸውን እያየ «ፈላሻ የሚሉን» ሲል ጨመረ።

ቄስ ሀብተወልድ ስለ ፈላሻ የሰሙት ሁሉ የቡዳ ወሬ ነበር፤ አንድም በዓይናቸው አላዩም። እዚህ የተኛው ግን ጨዋታ አዋቂ፣ ክርክር የሚጥመው ልጅ ሆኖ አገኙት። ሞት አፋፍ ላይ ቆሞ ይከራከራል!

«አርባና ሰማንያ ቀን መቁጠሩን ከማን ወሰዳችሁት አባ? ከኦሪት አይደል? እኛ ዘንድ ወንድ የወለደች በአርባ፣ ሴት የወለደች በሰማንያ ቀኗ ወንዝ ትወርዳለች። እናንተ እናቲቱን ትታችሁ ሕፃኑን ነከራችሁት!»

«ኦሪት ጥላ ናት ልጄ። አካሉ መጣ፤ እናንተ ጥላው ሥር ቁጭ ብላችሁ ቀራችሁ።»

«ለፀሐይ ጊዜ ጥላ ምን አለው!» አለና ሳቀ፤ ሳቁ ሆዱን ወጋውና ፊቱ ጠቆረ። ሲመለስለት ግን አልተወም። «ደሞ ጌታችሁ የኛው ልጅ ነው። የተጠመቀውም ወንዝ ወርዶ ነው። ገንዳውን ማን አመጣው?»

አጠገቡ የተኛው እግሩ የተቆረጠ ወታደር፣ ግርማ፣ «አባ ረታዎት እኮ!» ብሎ ክፍሉን አሳቀው።

«ጥምቀት አንዲት ናት፤ አትደገምም» አሉ ቄሱ ቆጣ ብለው።

«አንዴ ታጥቦ ዕድሜ ልኩን የሚበቃው ሰው ምን ዓይነት ንጹሕ ነው? እኛ በረከስን ቁጥር ነው።»

ቄስ ሀብተወልድ ጀሪካን ተሸክመው ዳገቱን ሲወጡ መልስ ያዘጋጁ ነበር። ልጁን ወደዱት፤ ይህ እውነት ነው። እንዲህ ያለ ልጅ ሳይጠመቅ ሞቶ ነፍሱ ሲዖል ትውረድ ብለው ማሰብ አልሆንላቸው አለ። ግን ሌላም ነገር ነበረበት፤ አንድ የወገራ ገበሬ በቁስለኛ ፊት ረትቷቸዋል። ሰው ሆዬ፣ ፍቅሩንና እልሁን ለይቶ አያውቅም። አባቱ ማን እንደሆነ፣ ምን ተምሮ እንዳደገ እንኳ አንድ ቀን አልጠየቁትም።

በስድስተኛው ቀን ሐኪሙ ራሱን ነቅንቆ አለፈ። አዛናው ቄሱን በዓይኑ ጠራቸው።

«ነገ ሰባተኛዬ ነው። ወንዝ ያወርዱኛል አባ?»

«አወርድሃለሁ።»

«ይማሉልኝ።»

«በክህነቴ።»

ማውረድ ይችሉ ነበር። እስከ ዛሬ የሚያንገበግባቸው ይህ ነው። ያን ጠዋት መድፉ ዝም ብሏል፤ ቃሬዛ ነበረ፤ ሁለት ሰው ቢለምኑ አያጡም፤ ጅረቷ ሩብ ሰዓት አትፈጅም። እሳቸው ግን አንዱን ጀሪካን ሞሉ፣ ጸለዩበት፣ ብቻቸውን ይዘው ገቡ። ትኩሳቱ አዛናውን ያለበትን ቦታ አሳጥቶት ነበር። ውሃው ሲንቆረቆር ዓይኑን ሳይገልጥ ፈገግ አለ።

«አባ፣ ወራጅ ነው?»

«ወራጅ ነው ልጄ። ጅረቷ ዳር ነህ።»

በራሱ ላይ ሦስት ጊዜ አፈሰሱ። በሹክሹክታ፣ በግእዝ፣ «አጠምቀከ በስመ አብ» እያሉ። ተጠማቂው በአፉ መመለስ ያለበትን ቃል እሳቸው መለሱለት፤ «አአምን» አሉ፤ «አሜን» አሉ። በግእዝ ነውና ማን ይሰማል? ዕድሜያቸውን ሁሉ በግእዝ ሲናገሩ ምን እንዳሉ የገባው ምእመን አልነበረም።

አዛናው ዓይኑን ገለጠ። አእምሮው ተመልሶለት ነበር።

«አባ» አለ ቀስ ብሎ፣ «ግእዝ እኮ እሰማለሁ። አባቴ ቄስ ነው። በግእዝ ነው የምንጸልይ።»

አልተሳደበም፣ አላለቀሰም። ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ፤ ከሰዓት በኋላ ሞተ። ግርማ «አባ፣ ነፍስ አዳኑ!» ብሎ እጃቸውን ሳመ። ገብረ ዮሐንስ በሚል ስም ከቤተ ክርስቲያኑ ግቢ ቀበሩት።

እነሆ በሰማንያ ሦስት፣ መጋቢት ላይ፣ አርብ ቀን፣ ከጁምዓ መልስ አሚና በሩን አንኳኳች። ከኋላዋ ነጭ ነጠላ ያጣፋች፣ ቀጥ ያለች አሮጊት ቆማለች።

«ቄሱ፣ እንግዳ አለዎት። ከሸዋ በር ጀምራ ‘ውሃ ይቀዳ የነበረ ቄስ’ እያለች ጊደር መጋላ ገበያን አዳርሳዋለች» አለችና አሚና ወደ ቤቷ ተመለሰች።

ገላነሽ ምሳ አቀረበች። አሮጊቷ እጇን አልዘረጋችም።

«ጾም ነው እማማ፣ ሥጋ የለበትም» አለች ገላነሽ፣ እስላም መስላት።

«ተባረኪ ልጄ፤ ስንቄን ይዣለሁ።» ከዚያ ወደ ቄሱ ዞረች። «ጥሩወርቅ እባላለሁ። የአዛናው እናት ነኝ።»

ቄስ ሀብተወልድ ማጅራታቸው ላይ ትንፋሽ ተሰማቸው። እንዲህ ቀርቧቸው አያውቅም። ዘወር ለማለት ፈሩ።

«ግርማ የሚባል እግሩ የተቆረጠ ወታደር ከስድስት ዓመት በፊት ደጃችን መጣ» አለች አሮጊቷ። «ሊያጽናናን ነው የመጣ፤ ክፉ ሰው አይደለም። ‘አይዟችሁ፣ ተጠምቆ ነው የሞተው፤ ቄሱ ናቸው የቀበሩት’ አለን። ባሌ የኛ ቄስ ነበር። የዚያን ቀን ‘አዛናው የሚባል ልጅ የለኝም’ አለ። ማልቀስ ከለከለኝ። ተዝካር ከለከለኝ። ስሙን ሳይጠራ እሱም ሞተ። አሁን አዲስ አበባ ነን፤ ወደ ኢየሩሳሌም ልንሄድ እየተመዘገብን ነው። የሚጽፈው ሰው ‘የሞተውንም ያለውንም ልጅሽን ቁጠሪ’ ይለኛል። አራት ልበል አምስት? ሁለት ጊዜ ተራዬን ለቅቄ ወጣሁ። አንቱን ልጠይቅ መጣሁ። ንገሩኝ። ልጄ ወዶ ነው የተጠመቀ?»

ገላነሽ ትሪውን እንደያዘች በሩ ላይ ቆማ ቀረች። ቄሱ መሬት መሬት አዩ። ወዶ ነው ቢሉ ማን ይከሳቸዋል? ግርማ አድንቋቸዋል፤ ቤተ ክርስቲያን ታከብራቸዋለች፤ ሚስታቸው በር ላይ ናት። ወዶ አይደለም ካሉ ደግሞ በክህነታቸው ምለው የከዱ፣ በሚሞት ልጅ ላይ የዋሹ ሰው ናቸው። ከኋላቸው ያለው ትንፋሹን ያዘ። እሱም መልሱን ይጠብቃል።

«ወዶ አይደለም» አሉ።

ከዚያ በኋላ ማቆም አቃታቸው። መሐላውን፣ ጀሪካኑን፣ «ጅረቷ ዳር ነህ» ያሉትን፣ ግእዙን፣ ልጁ የተናገረውን፣ አንድም ሳያስቀሩ ተናገሩ። ገላነሽ ትሪውን መሬት አስቀምጣ አፏን በነጠላዋ ያዘች።

አሮጊቷ አላቋረጠቻቸውም። ሲጨርሱ ብቻ ጠየቀች።

«‘አምናለሁ’ ያለው ማን ነው?»

«እኔ ነኝ።»

«‘አሜን’ ያለውስ?»

«እኔ ነኝ እማማ።»

«እሱስ?»

«ፊቱን አዞረ።»

አንቱታው ከአፏ ጠፋ። «እንግዲያ የተጠመቅኸው አንተ ነህ» አለች። «ልጄስ ፊቱን አዙሯል።»

ተነሥታ ነጠላዋን ወገቧ ላይ አሠረች። ግቢው መሀል ወጥታ ደረቷን ትደልቅ ጀመር። «አዛናው! አዛናውዬ! አምስተኛዬ! ወይኔ አምስተኛዬ!» ያ ሁሉ ዓመት የታፈነ ለቅሶ ነው፤ አቦከር ሰፈርን አናወጠው።

አሚና ባዶ እግሯን እየሮጠች ገባች። «ኢናሊላሂ! ማን ሞተ?»

«ልጇ» አለች ገላነሽ፣ እያለቀሰች።

«መቼ?»

«አሥራ ሦስት ዓመቱ።»

አሚና ግራ ገብቷት አሮጊቷን አየቻት። «ታዲያ ዛሬ ነው የምታለቅሺው እናቴ?»

«ዛሬ ነው የሞተልኝ» አለች ጥሩወርቅ። «እስከ ዛሬ ከድቶኝ ነበር።»

አሚና አሮጊቷን መሬት አስቀምጣ፣ አጠገቧ ቁጭ ብላ፣ ስሙን በሰማችው ልክ እየጠራች፣ አብራት አለቀሰች።

ቄስ ሀብተወልድ ከበሩ ወጡ። ከአሮጊቷ ፊት በጉልበታቸው ወደቁ። ሰው ሁሉ ዕድሜ ልኩን ለእሳቸው ሲለው የኖረውን ቃል ዛሬ እሳቸው አሉት።

«ይፍቱኝ እማማ።»

«አልፈታህም» አለች። «ልጄ ውሃ ለመነህ። ወንዙ ሩብ ሰዓት ነበር።»

«እውነት ነው።»

«አልፈታህም።»

«እሺ።»

መሬት የተደገፉባቸውን እጆች ብዙ አየቻቸው። ለቅሶዋም ቀስ አለ።

«ውሃውን ያፈሰሰው የትኛው ነው?»

ቀኙን አሳዩዋት። እጇን ስትዘረጋ ደንግጠው ሸሸት አሉ። አዛናው ነግሯቸው ነበር፤ ሰዎቹ ከእነሱ ወገን ያልሆነን ሰው አይነኩም። «አይንኩኝ እማማ፤ ሕግዎ አይፈቅድም።»

«ሕጌን እኔ አውቃለሁ፤ እታጠባለሁ። ልጄን መጨረሻ የነካው እጅ ነው። ትንሽ ልያዘው።»

በሁለት እጇ ያዘችው። ጉንጯ ላይ አደረገችውና እንደገና ስሙን እየጠራች ማልቀስ ጀመረች፤ እጁን ግን አልለቀቀችውም።