የእትዬ ዋጋነሽ የባሕር ሽርሽር

ውሸታም ብሎ የሚሰድበኝ ሰው ሲገጥመኝ አልቆጣም። ከኮልፌ አሰብ ድረስ ሄጄ የዋሸሁትን ቢያውቅ ስድቡ እንደሚያንሰኝ ይገባው ነበር።

ጊዜው 1979 ዓ.ም.፣ ከፋሲካ በኋላ ነው። ኮልፌ ካለው የብርድ ልብስ ፋብሪካችን በዚያ ዓመት ሁለት ኮከብ ሠራተኞች ተመረጥን። ሽልማቱ በሌላ ጊዜ የእጅ ሰዓት ወይም ራዲዮ ነበር። ያን ጊዜ ግን ከየፋብሪካው የተመረጡት ተሰባስበው አሰብን እንዲጎበኙ፣ በሳምቡክም ተሳፍረው የባሕሩን ዳርቻ እንዲዞሩ ተወሰነ። ሳምቡክ ማለት ባለ ሸራ የእንጨት መርከብ መሆኑን ያወቅሁት ያኔ ነው። እኔ የማሽን ጠጋኝ ነኝ። አብረውኝ የተመረጡት እትዬ ዋጋነሽ ደግሞ የፈትል ክፍሉ አንጋፋ ናቸው። ስማቸው ሲጠራ እልል ያሉት ግን ለኮከብነቱ አልነበረም። አንድ ልጃቸው ገሜዳ ለብሔራዊ ውትድርና ከሄደ ሁለት ዓመት ሆኖታል፤ ባሕር ኃይል ገብቶ አሰብ ነው ያለው። «ልጄን ላየው ነው!» ብለው ፎርማኑን አገላብጠው ሳሙት። ያን ፎርማን ከዚያ በፊት ደፍሮ የሳመው ሰው ያለ አይመስለኝም።

ልንነሳ ሁለት ቀን ሲቀረን፣ ሐሙስ ከሰዓት በኋላ፣ የእድራችን ዳኛ ጋሽ ተክለማርያም አስጠሩኝ። ቤታቸው ስገባ ይገዙ ክራንቹን ግድግዳው ላይ አስደግፎ ተቀምጧል። ይገዙ የአሥራ ስምንት ማዞሪያ ልጅ ነው፤ ከምፅዋ ቆስሎ መምጣቱን ሰምቻለሁ። ቀና ብሎ ሳያየኝ ነገረኝ። ገሜዳ ከአሰብ ወደ ምፅዋ ተዛውሮ ነበር። የነበረባት ጀልባ የካቲት ላይ ተመትታ ሰመጠች። ከውስጧ አንድም ሰው አልወጣም።

«አሁኑኑ እንንገራቸው» አልኩ።

«በማን ፊት?» አሉ ጋሽ ተክለማርያም። «ወንድሟ ወዬሳ ያለው ጀልዱ ነው። ያለ አንድ ወንድሟ፣ ያለ ዘመድ መርዶ ይነገራል እንዴ? ሰው ልኬበታለሁ፤ ቢፈጥን በሳምንቱ ይደርሳል። ደግሞም ከመንግሥት የመጣ ደብዳቤ የለም። በይገዙ ቃል ብቻ ድንኳን ብንተክል፣ ቀበሌው የማን አሉባልታ ነው ብሎ ይዞን ይሄዳል።»

«ጋሼ፣ ልጃቸውን ሊያዩ እኮ ነው የሚሄዱት!»

«ምን ብለን እናስቀራት? ያን ጊዜ ትጠረጥራለች። አንተ አብረሃት ነህ። ሰው አገር፣ ደግፎ የሚይዛት በሌለበት እንዳትሰማ ጠብቃት። በተመለሳችሁ ማግስት፣ ሳይነጋ እንነግራታለን።»

ደንባችን ይህ ነው። መርዶ በማለዳ፣ በገዛ ቤት፣ ወገን ከብቦ ነው የሚነገረው። መንገድ ላይ ብቻውን ሰምቶ ራሱን የጎዳ ሰው ስለማውቅ ደንቡን አልንቀውም። እሺ አልኩ። እውነቱን ለመናገር፣ እሺ ያልኩት በከፊል ለደንቡ፣ በከፊል ደግሞ ፈሪ ስለሆንኩ ነው።

አውቶቡሱ ሁለት ቀን ሲጓዝ እትዬ ዋጋነሽ አንድ ጣሳ ጭኮ ጭናቸው ላይ እንዳቀፉ ነው። በቅቤ የታሸው የገብስ ዱቄት ከሚሌ ወዲያ ባለው ሙቀት ቀለጠና ቀሚሳቸውን አራሰው፤ ጣሳውን ግን መሬት አላስነኩትም። ከሲሚንቶውም ከስኳሩም ፋብሪካ የመጣው ሁሉ ስለ ገሜዳ ሰማ። በልጅነቱ ቀዝቃዛ ውኃ ይፈራ እንደነበር፣ አሁን በዚያ ሁሉ ውኃ ላይ እንደሚሄድ እያወሩ ይስቃሉ። ሰዉም አብሮ ይስቃል። እኔ መንገዱን ሙሉ የተኛሁ መስዬ ዓይኔን ጨፍኜ ሄድኩ።

«መኳንንት፣ ከስቶ ይሆን?» ይሉኛል በክርናቸው ጎሸም እያደረጉ።

«ወጣት ነው፤ ምን ይሆናል ብለው ነው» እላለሁ፣ ዓይኔን ሳልገልጥ።

አሰብ በገባን ማግስት ባሕር ኃይሉ በር ድረስ ወሰድኳቸው። «እርስዎ እዚህ ጥላው ሥር ይቆዩ፤ እኔ ልጠይቅ» ብዬ ጣሳውን ተቀበልኳቸውና በአጥሩ ዞርኩ። ማንንም ምንም አልጠየቅሁም። ጣሳውን መጀመሪያ ላገኘሁት ዘበኛ ሰጠሁት። «ለማን ነው?» ሲለኝ «ለናንተ» አልኩት። እንደ እብድ አየኝና ተቀበለኝ። ከዚያ ተመልሼ፣ ገሜዳ ለግዳጅ ባሕር ላይ ወጥቷል፤ የሚመለሰው በአራት ቀን ነው አልኳቸው። እኛ የምንመለሰው ከነገ ወዲያ ነበር።

እትዬ ዋጋነሽ አልጮሁም፣ አላለቀሱም። ቀስ ብለው አሸዋው ላይ ቁጭ አሉ። «ጭኮውን ግን ተቀበሉህ?» አሉኝ። ፊታቸውን ማየት አቃተኝ። ያኔ ዝም ብል ኖሮ የታዘዝኩትን ፈጽሜ በሄድኩ። እኔ ግን «ነገ በሳምቡኩ ስንወጣ መርከባቸው ትታየን ይሆናል» አልኩ። ይህን በል ብሎ ያዘዘኝ ሰው የለም።

በማግስቱ ጠዋት አርባ የምንሆን ሰዎች ተሳፈርን። ሳምቡኩ ወገቡ ሰፊ፣ እንጨቱ ዓሣ ዓሣ የሚሸት ነው። ባለቤቱ ሽማግሌ ዓፋር በባዶ እግራቸው ከኋላ ቆመው መሪውን በጉልበታቸው ይገፋሉ። የጉዟችን አስተባባሪ ድምፅ ማጉያ ይዞ «ጓዶች፣ በስተቀኛችሁ ደሴት ይታያል!» ይላል። እሱም ባሕር ሲያይ ያ የመጀመሪያው ነበር፤ ቆይቶ ከሁላችንም በፊት ያስመለሰው እሱ ነው። ውኃው አንዴ አረንጓዴ፣ አንዴ ጥቁር ሰማያዊ ይሆናል። ዛፎች እግራቸውን ባሕር ውስጥ ነክረው ቆመዋል፤ ነጫጭ ወፎች ከላያቸው ግር ብለው ይነሳሉ። ራቅ ብሎ የጨው ክምር ዓይን እስኪያጭበረብር ያበራል። እንዲህ ያለ ውበት አይቼ አላውቅም፤ ጠላሁት። ወደ ሰሜን ራቅ ብሎ እንጂ ገሜዳን የዋጠው ይኸው አንድ ውኃ ነው።

ሰዉ ይዘፍናል፣ ያጨበጭባል። እትዬ ዋጋነሽ ከፊት ጫፍ ተቀምጠው፣ እጃቸውን ግንባራቸው ላይ ጋርደው መርከብ ይፈልጋሉ፤ ደሴቱንም ወፉንም አላዩም። መሀል ላይ ከአንዱ መርከበኛ ባልዲ ለምነው ውኃ አስቀዱ። በመዳፋቸው እየዘገኑ ፊታቸውን ታጠቡበት። «ልጄ የሚውልበት ውኃ ነው» አሉኝ፣ ጨው ዓይናቸውን እያቃጠለው። ጀርባዬን ሰጥቻቸው ተነሳሁ። ያኔ ጮኼ ልናገር ምንም አልቀረኝም ነበር።

ወደ ቀትር ላይ ግራጫ የጦር መርከብ ከደሴቱ ጀርባ ብቅ አለች። በጣም ሩቅ ነበረች፤ ጫፏ ላይ የቆሙት ሰዎች አውራ ጣት አያክሉም። እትዬ ዋጋነሽ ተነስተው ቆሙ። ሳምቡኩ ስለሚወዛወዝ ወገባቸውን ያዝኩ።

«መኳንንት! ያ ብቻውን የቆመው፣ እሱ አይደለም?»

እንደማይታየኝ መናገር እችል ነበር። ርቀቱ ራሱ ያድነኝ ነበር።

«ነው» አልኩ።

ነጠላቸውን ከራሳቸው ገፈው አውለበለቡ። ታሪካቸውን በአውቶቡስ የሰማው ሰው ሁሉ ተነስቶ እልል አለ፤ ሳምቡኩ ወደ አንድ ጎን ሲያዘነብል ሽማግሌው በዓፋርኛ ተቆጡን። ያ ሰው እዚያ ማዶ ኮፍያውን አወለቀ። ሁለት እጁን ወደ ላይ ዘርግቶ መርከቧ እስክትሰወር ድረስ አውለበለበ። «አየኝ! አየኝ እኮ!» እያሉ ደረቴን በቡጢ መቱኝ። በመልሱ ጉዞ ሁለቱን ቀን ትከሻዬ ላይ ተኝተው መጡ። ከሁለት ዓመት ወዲህ እንዲህ ተኝቼ አላውቅም አሉኝ።

ሐሙስ ማታ ኮልፌ ገባን። ዓርብ ሳይነጋ ድንኳኑ ደጃቸው ተተክሎ ነበር። ወንድማቸው ወዬሳ ከጀልዱ መጥቷል። የእድሩ ሰው ገብቶ ሲሞላ እትዬ ዋጋነሽ ከመኝታቸው ተነስተው መሀል ቆሙ። «ምንድን ነው? ማን ሞተ?» አሉ። ጋሽ ተክለማርያም ነገሯቸው። ሴቶቹ ገና ዋይ ማለት ሲጀምሩ እትዬ ዋጋነሽ ሳቁ።

«ገሜዳ? የካቲት ላይ?» አሉ። «ማክሰኞ ዕለት በዓይኔ በብረቱ አይቼው መጥቼ? ዝም በሉ እናንተ! በቁም ልጄ ላይ አታሟርቱብኝ!»

ለቅሶው ቆመ። አልቃሾቹ እርስ በርስ ተያዩ። ወዬሳ እህቱን ሊይዝ ቢጠጋ ገፈተሩት። ከዚያ በሕዝቡ መሀል ፈልገው አገኙኝና እጄን ይዘው ጎትተው አወጡኝ።

«አብሮኝ ነበር። ንገራቸው እንጂ፣ መኳንንት!»

ሁሉም አየኝ። ጋሽ ተክለማርያምም አዩኝ፤ ምን እንደሠራሁ የገባቸው ያን ጊዜ ነው። አንዴ ደግሜ «ነው» ብል ድንኳኑ ይፈርሳል፣ ሰው ይበተናል፤ እሳቸውም ዕድሜ ልካቸውን ይጠብቁታል። ክፉም ቢሆን ልቤ ወደዚያ አደላ። ምላሴ ግን እምቢ አለ።

«እትዬ ዋጋነሽ፣ እሱ አልነበረም» አልኩ። «ስንሄድም መሞቱን አውቅ ነበር።»

እጄን አልለቀቁትም። ይመቱኛል ብዬ ጠበቅሁ፤ ቢመቱኝም በወደድኩ።

«ታዲያ ያ ልጅ የማን ነው?» አሉኝ፣ በቀስታ።

«አላውቅም።»

«የሰው ልጅ አይቼ ነው የመጣሁት?» አሉ። «የእኔንስ ማን አየልኝ?»

ወዬሳ ከኋላቸው ደግፎ ያዛቸው፤ እጄን ከጣታቸው ፈልቅቀው ያላቀቁት ሴቶቹ ናቸው።