ለሁለት መብላት

«ብዪ እንጂ! አሁን እኮ የምትበዪው ለሁለት ነው» አለች ጎረቤቲቱ፣ የተቆለለውን ሳህን ወደ ነፍሰ ጡሯ እየገፋች።

ልብስ ሰፊዋ ከጥግ ሆና ሰማች። የሞተው አንድ ያላት ልጇ ነው፤ ነፍሰ ጡሯ ደግሞ ሚስቱ። ቤቱ በሰው ተጨናንቋል። እሷ ግን ከቀብሩ ወዲህ የሚያጽናናት ሁሉ ከግድግዳ ማዶ የሚያወራ ይመስላታል።

«ልቡ ነው አሉ» አለ አንዱ ለቀስተኛ ድምፁን ዝቅ አድርጎ።

«ስኳርም ነበረበት። ውፍረቱስ? ከልጅነቱ እኮ ነው።»

«እናቱ አቀማጥላው ነዋ።»

እናቱ ከልጅነቱም በፊት ያለውን ታስታውሳለች። ከእሱ በፊት ሁለቴ አስወርዷታል። እሱን ስትፀንስ ፍርሃት ገባት፤ ከበላች የሚቆይላት፣ ከራባት የሚያመልጣት መሰላት። ባሏ ከሥራ ሲመለስ እጁ ባዶ ሆኖ አያውቅም። እየሰፋች በላች፣ ሳይርባትም በላች። ያያት ሁሉ «አማረብሽ» አላት። ልጁ ሲወለድ አዋላጇ በሁለት እጇ አንሥታ «ይሄማ በእግሩ ቤቱ ይገባል!» ብላ ሳቀች። ልብስ ሰፊዋ እንደዚያ ቀን ኮርታ አታውቅም።

ልጁ አደገ፤ የአውቶቡስ ሾፌር ሆነ። ልኩ ሱቅ ስለማይገኝ ሸሚዙን ሁሉ የምትሰፋለት እሷ ነበረች። ተሳፋሪዎቹ «ሙሉ ሰው» ይሉታል፤ እሱም ከሁሉም በላይ ይስቅ ነበር።

አንድ ጊዜ ሐኪም ዘንድ አብራው ሄደች። ሐኪሙ እሱን መርምሮ ሲጨርስ ወደ እሷ ዞረ።

«እሱን ሲያረግዙ ብዙ ኪሎ ጨምረው ነበር?»



«እኔን ነዋ የጨመረችው፣ ዶክተር!» አለ ልጇ ቀድሟት።

ሐኪሙ ፈገግ አለ። «የእናት ክብደት ከልክ ሲያልፍ ልጁን ኋላ ለውፍረትም ለስኳርም ሊያጋልጠው ይችላል። ግን እሱ ብቻ አይደለም፤ ስንት ምክንያት አለ።»

እሷ የሰማችው የፊተኛውን ብቻ ነው። መንገድ ላይ ልጇ ትከሻዋን አቅፎ «እማዬ፣ ተይው በቃ» ቢላትም፣ እሷ የሐኪሙን ቃል እያብሰለሰለች ቤት ደረሰች።

አመሻሹ ላይ እንግዶቹ ወጡ። ነፍሰ ጡሯ ሳህኑን አልነካችውም።

«እማማ፣ እሱ ነግሮኛል» አለች ቀስ ብላ። «ፈርተው ነው አሉ የበሉት።»

«ነገረሽ?»

«‹እናቴ እኔን ለማቆየት ያልሆነችው የለም› ይል ነበር። እኔም ይኸው ፈርቻለሁ። ብበላም እፈራለሁ፣ ብተወውም እፈራለሁ።»

ልብስ ሰፊዋ ጠጋ ብላ አጠገቧ ተቀመጠች። «እኔን ሁሉም ‹ብዪ› አለኝ እንጂ ‹ጠይቂ› ያለኝ አልነበረም፣ ልጄ።»

«ነገ የእርግዝና ክትትል አለብኝ። ከለቅሶ ቤት ብወጣ ሰው ምን ይለኛል?»

«ያለውን ይበል። አብሬሽ እሄዳለሁ። ምን ያህል እንደሚበላ፣ ምን እንደሚበቃ አንድ ላይ እንጠይቃለን።»

በማግስቱ ለቀስተኛ ሳይመጣ ተነሡ። በሩ ላይ ነፍሰ ጡሯ ወደ ጫማዋ ልታጎነብስ ሞከረች፤ ሆዷ አላስጠጋትም። እንደ ልማዷ ባሏን ልትጠራ ወደ ውስጥ ዞረች። አፏ እንደተከፈተ ቀረ።

ልብስ ሰፊዋ እግሯ ሥር ተንበረከከች። የጫማዋን ክር እንዳይጠብቅባት ላላ አድርጋ፣ እንዳይፈታባት ደግሞ ደርባ አሰረችላት።