ስንት ሰው ያመጣል?

ታምሩ ሁለት ፎቶ ጠረጴዛው ላይ ጎን ለጎን አስቀምጧል። አንዱ የሕዝቅያስ ነው፤ ለመታወቂያ የተነሳው፣ አፉን ገጥሞ ካሜራው ላይ ያፈጠጠበት። ሌላው የሙሉቀን ነው፤ ሐይቁ ዳር ሸሚዙን አውልቆ፣ ክንዱን ወጥሮ የሚስቅበት።

«ጋሽ አየለ፣ እስቲ እርስዎ ይፍረዱ» አለ ታምሩ። «ፖስተር ላይ የሚያምረው የትኛው ነው?»

ጋሽ አየለ የሕዝቅያስ አሰልጣኝ ናቸው። በወጣትነታቸው ለፖሊስ ቡድን ሲጋጠሙ የተሰበረ አፍንጫቸው እስከ ዛሬ ወደ ግራ ያዘነበለ ነው።

«ፖስተር አይደባደብም» አሉ።

«አይደባደብም። የቦክስ ሪንጉን ኪራይ የሚከፍለው ግን እሱ ነው።»

ሕዝቅያስ በሩ አጠገብ ካለው ወንበር ላይ ተቀምጦ፣ ስለ ሌላ ሰው የሚወራ ይመስል ይሰማል። ዘጠና ስምንት ኪሎ ይመዝናል። ከዐሥራ አራት ግጥሚያ ዐሥራ ሁለቱን አሸንፏል። ሙሉቀንን እንኳ ከስድስት ወር በፊት በልምምድ ላይ በሁለተኛው ዙር መሬት አስቀምጦታል፤ ይህን የማያውቅ ቦክሰኛ በሐዋሳ የለም። ሙሉቀን ግን ጂም ውስጥ የሚቀርጻቸውን ቪዲዮዎች ሰማንያ ሺህ ሰው በቲክቶክ ይከታተልለታል። የከተማውን የከባድ ሚዛን ቀበቶ የያዘው የታቦሩ ዳንኤል በሁለት ሳምንት ውስጥ ይጋጠማል፤ ከማን ጋር የሚለውን የሚወስነው አዘጋጁ ታምሩ ነው።

«ክፉ ሰው አታድርገኝ ሕዝቅያስ» አለ ታምሩ። «ሪንጉ ከአዲስ አበባ በአይሱዙ ነው የሚመጣው። ዳኞቹ አበል አላቸው። አዳራሹ ኪራይ አለው። ዳንኤል ሁለት መቶ ሰው ያመጣል። ሙሉቀን ሦስት መቶ። አንተ ባለፈው ስትጋጠም ስንት ሰው መጣ?»

«ሃያ ሦስት።»

«ስንቱ ከፈለ?»

ሕዝቅያስ መዋሸት አይችልበትም። «ዘጠኝ» አለ።

ጋሽ አየለ ወደ ጣሪያው ቀና አሉ።

ሕዝቅያስ ሠላሳ አምስት ዓመቱ ነው። ቱላ መውጫ ላይ ካለ የእንጨት መሸጫ ግንድ ያወርዳል፤ በዝናብ ጊዜ ጉልበቱን ያመዋል። ከዳንኤል ጋር አንድ ጊዜ መግጠም፣ ከሁለታቸው ማን እንደሚበልጥ ማወቅ፣ ከዚያ ቦክስን በቃኝ ማለት ነው የሚፈልገው። ዘንድሮ ካልሆነ ከእንግዲህ እንደማይሆን ያውቃል።

«ቢያንስ ዕድል ይስጡኝ» አለ።

ታምሩ ሁለቱን ፎቶዎች አንዴ እንደገና አያቸው። «እሺ። በዐሥር ቀን መቶ ሃምሳ ትኬት ሽጥ። አንዱ ሦስት መቶ ብር። ከሸጥክ ትገጥማለህ። ካልሸጥክ ሙሉቀን ይገባል፤ ያኔ እንዳትቀየመኝ።»

በአራት ቀን ዐሥራ አንድ ሸጠ። ከነዚህ ሁለቱን የገዛው ራሱ ነው።

እንጨት መሸጫው ውስጥ አብሮት ግንድ የሚያወርደው ሰው ትኬቱን ገልብጦ አየና መለሰለት። «ሕዝቄ፣ ሰው ሲመታህ ለማየት ሦስት መቶ ብር? እዚሁ በነፃ እመታሃለሁ እኮ!» ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ደግሞ ሁሉም «ጌታ ቢፈቅድ» ይለዋል፤ ጨዋ ሰው አልመጣም የሚለው እንደዚያ ብሎ ነው።

ማታ ሚስቱ ሩሀማ የቀሩትን ትኬቶች አየች። ሩሀማ ታቦር ላይ የሰርግ ልብስ ትሰፋለች፤ በጉባኤያቸው ውስጥ እሷ የሌለችበት የሰርግ ኮሚቴ የለም።

«ሳትጠይቀኝ ለምን ጀመርከው?» አለችው። «ትኬት የሚሸጠው ለማያውቁት ሰው ነው። የሚያውቁትን ሰው ይጠሩታል እንጂ ይሸጡለታል?»

«ልጥራቸው? ሰርግ የለኝ።»

«አሁን ይኖርሃል።»

በማግስቱ ወደ ሙሉጌታ ማተሚያ ቤት ይዛው ሄደች። ሙሉጌታ የሚያመልከው ከእነሱ ጋር ነው። ዐሥራ ዘጠኝ ዓመት ሙሉ ያተመው የሰርግ ጥሪ ካርድ ነው፤ ሌላ ሥራ ሲመጣለት ቅር ይለዋል። ኮምፒውተሩን ከፈተና ከልማዱ «የሙሽራው ስም?» አለ።

«ሕዝቅያስ።»

«የሙሽሪት?»

«ዳንኤል በል» አለችው ሩሀማ።

ሙሉጌታ እጁን ከኪቦርዱ ላይ አነሳ። ነገሩን አስረድተውት ከሳቀ በኋላ የሁለቱን ቀለበት ሥዕል አጥፍቶ በቦታው ሁለት የቦክስ ጓንት አስገባ። የወርቅ ቀለሙን ጠርዝ ግን «ይህማ አይነካም» ብሎ ተወው።

ናሙናውን ለታምሩም ወስደው ሦስቱም አዩት። ሩሀማ ቀኑንና ሰዓቱን አየች። ሕዝቅያስ ስሙ በትክክል መጻፉን አየ። ታምሩ ዋጋውን አየና በትኬቱ ቦታ የገባውን መቶ ሃምሳ ካርድ፣ ቀድሞ የተሸጠውን ዐሥራ አንዱን ጨምሮ፣ አንድ በአንድ በማኅተም መታ። ከስሞቹ በታች ያለውን መስመር ማንም አላነበበውም። በከተማው በሚታተም ካርድ ሁሉ ላይ ያለ መስመር ስለሆነ ዓይን ያልፈዋል።

ከዚያ በኋላ ሥራው ቀለለ። ሩሀማ በየፖስታው ላይ ስም ጻፈች፤ ባልና ሚስት ሆነው ከሥራ መልስ ቤት ለቤት ዞሩ። ተቀመጡ፣ ሻይ ጠጡ፣ ስለ ልጆች ጤና ጠየቁ፤ ሊወጡ ሲሉ ፖስታውን በሁለት እጃቸው ሰጡ። «ስጦታ አታምጡ» ትላለች ሩሀማ። «ሦስት መቶ ብር ብቻ ነው፤ እሱም አሁን ነው የሚሰጠው።» ለሰርግ ስጦታ ከዚህ የበለጠ ማውጣት የለመደ ሰው ሁሉ ቀለል ብሎት ከፈለ።

የከበዳቸው አንድ የጉባኤው ሽማግሌ ብቻ ነበሩ።

«ወንድም ሕዝቅያስ፣ ድብድብ ለአማኝ ይሆናል?»

«ጠብ የለበትም ጋሼ። ሕግ አለው፣ ዳኛ አለው።»

«ከመግባትህ በፊት ትጸልያለህ?»

«ለሁለታችንም።»

ሽማግሌው እጃቸውን ዘረጉ። «እንግዲያው ወዲህ በል» ብለው ፖስታውን ተቀበሉት።

በዘጠነኛው ቀን መቶ ሃምሳው አለቀ። ታምሩ ገንዘቡን ሁለት ጊዜ ቆጥሮ ቃሉን ጠበቀ፤ የሕዝቅያስን የመታወቂያ ፎቶ ሳይወድ ፖስተር ላይ አወጣው። ሙሉቀንን ግን ድንገት አንዱ ቢታመም ብሎ በተጠባባቂነት አስቀረው።

ግጥሚያው ቅዳሜ ከቀኑ በዘጠኝ ሰዓት ነው። ታምሩ ባህል አዳራሽ አካባቢ የተከራየው አዳራሽ ስምንት መቶ ወንበር አለው። መቶ ሃምሳው በካርድ ተሽጧል፤ የቀረውን ለዳንኤል ደጋፊዎች በር ላይ ሊሸጥ አስቧል። በሰባት ሰዓት ተኩል ከቱላ አቅጣጫ ባጃጆች መምጣት ጀመሩ። ከየባጃጁ ሽቶ የተቀባ፣ ልብሱን የተኮሰ ሰው ይወርዳል። ልጆች ክራቫት አድርገዋል።

በረኛው መጀመሪያ የደረሱትን ሴት አስቆማቸው። እማማ ወርቅነሽ ናቸው፤ ከኋላቸው ሁለት ወንዶች ልጆቻቸው፣ ምራታቸውና አራት የልጅ ልጆች ተሰልፈዋል።

«እማማ፣ በአንድ ካርድ አንድ ሰው ነው።»

«መነጽሬን ረስቻለሁ ልጄ፤ እስቲ አንተ አንብብልኝ።»

በረኛው ጮክ ብሎ አነበበ። «በዕለቱ እርስዎ ከነቤተሰብዎ እንዲገኙልን...» ድምፁ እየቀነሰ ሄደ።

«እነዚህ ቤተሰቤ ናቸው» አሉ እማማ ወርቅነሽ። «የጎረቤት ልጅ አልጨመርኩም።»

በረኛው ማኅተሙን አየ። የታምሩ ማኅተም ነው። አሳለፋቸው። ከኋላ ያሉትም እንደዚያው እያስነበቡ ገቡ፤ ስምንት ሰዓት ተኩል ላይ ስድስት መቶ ሰማንያ ሰው ተቀምጧል።

ታምሩ ሲደርስ በር ላይ የዳንኤል ደጋፊዎች ተኮልኩለዋል፤ ውስጥ ደግሞ ሕፃን ያለቅሳል። ካርዱን አነበበና በቀጥታ ወደ ልብስ መቀየሪያው ክፍል ገባ። ጋሽ አየለ የሕዝቅያስን እጅ በፋሻ እየጠቀለሉ ነበር፤ ሩሀማም አጠገባቸው ቆማለች።

«አቁሙ!» አለ። «ለሕዝቅያስ ግጥሚያ የለም። ሙሉቀን ነው የሚገባው።»

«መቶ ሃምሳ ትኬት ብለው ነበር» አለች ሩሀማ። «መቶ ሃምሳ ሸጥን።»

«መቶ ሃምሳ ሸጣችሁ ሰባት መቶ ሰው አስገባችሁብኝ! ወንበሬን በሉት እኮ!»

«ያ መስመር ያመለጠው እኔንም ነው፤ ጥፋት ነው፣ አልክድም። ግን ማኅተሙ የማን ነው?»

ሕዝቅያስ በከፊል የተጠቀለለ እጁን እያየ ተነሳ። «ልክ ነዎት አቶ ታምሩ። ኪሳራው በእኔ የመጣ ነው። ካሉ እተዋለሁ።» የፋሻውን ጫፍ ይዞ መፍታት ጀመረ።

«ዝም በል አንተ» አሉት ጋሽ አየለ።

ዳንኤል በዚህ መሀል ቀበቶውን ትከሻው ላይ ጥሎ ከጎን ካለው ክፍል ብቅ አለ። ጩኸቱን ሰምቷል። ክፍሉን ከአዳራሹ ወደሚለየው መጋረጃ ሄደና በቀዳዳው አዳራሹን ተመለከተ።

«ታሜ፣ እስቲ ና እይ።»

«አይቻለሁ።»

«አላየህም። አምስት ዓመት ስደባደብ ከሦስተኛው ረድፍ በኋላ ሰው አይቼ አላውቅም። እነዚህ ለማን ነው የመጡት?»

«በነፃ ነው የመጡት!»

«ዛሬ በነፃ መጡ። እነዚያ ክራቫት ያደረጉ ልጆች በሚቀጥለው ጊዜ አባታቸውን እረፍት ይነሱታል። እሱን አስወጥተህ ሙሉቀንን አስገባና እያንዳንዱ ተነስቶ ወደ ቤቱ ሲሄድ እያየህ ቁም። እኔ ባዶ አዳራሽ አልገባም።» ወደ ሕዝቅያስ ዞረ። «ከአንተ ጋር ነው የምገጥመው። ሰው ያለህ አንተ ነህ።»

በተጠባባቂነት የመጣው ሙሉቀን ከክፍሉ ጥግ፣ ስልኩን ወደ መጋረጃው እንዳነጣጠረ፣ «ቪዲዮው ብቻ መቶ ሺህ ሰው ያየዋል» አለ። ቁምጣ እንደለበሰ ቀረጻውን ቀጠለ፤ የተቀየመም አይመስልም።

ታምሩ ወደ በሩ ተመለሰ። እዚያ የሆነውን ግን አልጠበቀውም። የዳንኤል ደጋፊዎች ሌላ ጊዜ ሦስት መቶ ብር በዛ ብለው ግማሽ ሰዓት ይከራከራሉ። ዛሬ የሞላውን አዳራሽ በበሩ በኩል አይተው ገንዘባቸውን ከፍ አድርገው ይዘው ይጋፋሉ። ታምሩ ጉሮሮውን ጠረገ። «ወንበር ጥቂት ነው! ከዚያ በኋላ ቆሞ ማየት ነው! ዋጋው ያው ነው!» ማንም አልተከራከረም። ያን ጊዜ ፊቱ ፈታ ማለት ጀመረ።

ግጥሚያው ስምንት ዙር ነው። በመጀመሪያው ዙር ሰዉ ምን ማድረግ እንዳለበት አላወቀም፤ ጸጥ ብሎ ተመለከተ። በሁለተኛው ሕዝቅያስ ጠንካራ ግራ ሲያሳርፍ አንዲት ሴት እልል አለች፤ ሌሎቹም ተከተሏት። ቀጥሎ ዳንኤል የሕዝቅያስን ቅንድብ ሲመታ ለእሱም እልል አሉ፤ የሰርግ እንግዳ ለሁለቱም ወገን እኩል ማጨብጨብ አለበትና። ዳንኤል ግራ ገብቶት ወደ ሕዝቡ ዞር ሲል ሕዝቅያስ ጎኑን አገኘው።

ዳንኤል ፈጣን ነው። እስከ አምስተኛው ዙር ይመራ ነበር። ሕዝቅያስ ግን እንደ ግንድ አወራረዱ ነው የሚደባደበው፤ አይቸኩልም፣ አይቆምም። «ሆዱን! ከሥሩ ናደው!» ይላሉ ጋሽ አየለ ከጥጉ። በሰባተኛው የዳንኤል ክንዶች ወረዱ። በስምንተኛው ሁለቱም ተደጋግፈው ቆመው እየተመታቱ ደወሉ ተደወለ።

ሁለት ዳኞች ለሕዝቅያስ፣ አንዱ ለዳንኤል ሰጡ። ዳንኤል ቀበቶውን በራሱ እጅ አሠረለትና ጆሮው ላይ «በመስከረም እንደገና» አለው። ሕዝቅያስ ማወቅ የሚፈልገውን አሁን አውቋል፤ ይበልጣል፣ በትንሽ።

ዳኞቹ ወረዱ፤ መብራቱ ደመቀ። ቆመው ሲያዩ የነበሩት ወጡ። የተቀመጡት ግን አልተነሱም። ልብሳቸውን አስተካክለው፣ ልጆቻቸውን ጭናቸው ላይ አድርገው ዝም ብለው ተቀምጠዋል።

«ምን እየጠበቁ ነው?» አለ ታምሩ።

«ምግብ» አለች ሩሀማ። «ጠርተናቸው የለም እንዴ?»

ታምሩ በር ላይ የሰበሰበውን ገንዘብ በኪሱ ላይ ዳሰሰ። ከዚያ በረኛውን ጠርቶ ወደ ዳቦ ቤት ላከው፤ «ያለውን በሙሉ» ብሎ። ለስላሳም በሳጥን መጣ። ዳቦውን የጉባኤው ወጣቶች ቆራርሰው በየረድፉ አዞሩት።

ሕዝቅያስ የእንግዶቹን እጅ እየጨበጠ፣ ስለመጡ እያመሰገነ ይዞር ነበር። አንድ ዓይኑ አብጦ ተዘግቷል። እማማ ወርቅነሽ ጋ ሲደርስ አገጩን ይዘው ወደ ብርሃኑ አዞሩት።

«ማነው እንደዚህ ያደረገህ ልጄ?»

አጠገባቸው ዳቦ እየበላ የነበረው ሰው ተነሳና አንገቱን ደፋ። «እኔ ነኝ እማማ። ዳንኤል እባላለሁ።»

እማማ ወርቅነሽ ከላይ እስከ ታች አዩት። «አንተንስ ማን ነው የመታህ?»

«እሱ።»

«ተቀመጥ በል። ቤተሰብህ የታሉ?»

«ብቻዬን ነው የመጣሁት።»

«ብቻህን?» አሉና ጠጋ ብለው ቦታ ለቀቁለት፤ ከራሳቸው ዳቦ ትልቁን ቆርሰው እጁ ላይ አኖሩ። ከዚያ ለልጅ ልጆቻቸው «ለጋሼ ዳንኤል ለስላሳ አምጡለት» አሉ፤ አራቱም እኩል ተነስተው ሮጡ።