የሹፌር ጉልበት

ጉልበቴን ግመል ረግጦኝ ነው ብዬ የምኖርበትን የበግዳዲያ ሰፈር ሙሉ አሳምኜ ነበር። ግመሉ በጸጸት እስከ ባሕራ ከተማ ድረስ እያለቀሰ ሄደ ሁሉ ብያለሁ። እውነቱ ግን መካ፣ ዓዚዚያ ሰፈር፣ የሐጃጆች ማረፊያ ፎቅ ላይ ምንጣፍ ሳነጥፍ ነው። መወጠሪያውን ብረት በጉልበቴ ስገፋ ተንሸራተትኩ፤ እግሬ ተጠማዞ ጧ አለ።

ይህን ሐኪም ፊት መናገር አልችልም። ኢቃማዬ፣ የመኖሪያ ፈቃዴ፣ የሚለው የቤት ሹፌር ነው፤ እኔ ደግሞ መሪ ጨብጬ አላውቅም። ከፊሌ፣ በስሙ ያስመጣኝ አሠሪዬ፣ ምንጣፍ የሚያስነጥፈኝ በድብቅ ነው። ቢታወቅ እሱ ይቀጣል፣ እኔ በቀጥታ ወደ ወሎ።

ስለዚህ የጉልበት ሐኪሟ ዶክተር ሰሐር ፊት ስጋደም የከፊሌ ልጅ ኻሊድ ወንበሩን በሩ ላይ አድርጎ ተቀመጠ። ሊያስታምመኝ ሳይሆን አፌን ሊጠብቅ ነው።

ዶክተሯ ከጭኔ ኋላ ያለውን ጅማት በአልትራሳውንድ ለካች። እሱን ቆርጣ፣ አጣጥፋ፣ ጉልበቴ ውስጥ በተበጠሰው ጅማት ቦታ ልትተክልልኝ ነበር ሐሳቧ። ቀድማ የምትለካው ከቀደደችኝ በኋላ አነሰኝ እንዳትል ነው። ለካች፣ ደግማ ለካች፣ ከንፈሯን ነከሰች። ቀጭን ነው፣ ታጥፎም አይበቃም፣ እንዲህ ያለው ቶሎ ይበጠሳል አለች። የሚሻለው ከጉልበቴ ሎሚ በታች፣ ከፊት ያለውን ጅማት መውሰድ ነው። ጉዳቱ፣ ከዚያ ወዲያ መንበርከክ ያማል፤ አንዳንዱን ሰው ዕድሜ ልኩን።

"ሹፌር ነህ አይደል? ሹፌርን ምን ያንበረክከዋል?"

ኻሊድ ቀድሞኝ አዎ አለ።

እውነቱን ብናገር ወደ አገሬ ሊመልሱኝ፣ ዝም ብል እንጀራዬ ሊቆረጥ። የማይንበረከክ ምንጣፍ አንጣፊ የት አለ? በሩን አየሁ፤ ኻሊድ አለ። ያኔ ምላሴ በራሷ ተነሳች። ሶላት አልኩ። ግዴታውን ፈርዱን ብቻ አይደለም፣ ሱናውንም፣ የሌሊቱንም፤ ሱጁድ ላይ ግንባሬን መሬት ደፍቼ ከመቆየቴ የተነሳ ሞቷል ብለው አምቡላንስ የጠሩብኝ ጊዜ አለ አልኩ። ኻሊድን ሳል ያዘው። ለንጋቱ ሶላት፣ ሱብሒ ላይ፣ ስንቴ ደውሎ እንዳጣኝ እሱ ያውቃል።

ዶክተሯ የደህናውን እግሬን ሱሪ ወደ ላይ ሰበሰበች። ከሎሚው በላይ፣ መወጠሪያውን የምገፋበት ቦታ፣ ቆዳዬ እንደ መኪና ጎማ ጠቁሮ ደርቋል። በጣቷ ተጫነችው።

"ይሄ ከሶላት ነው?"

"ከሶላት ነው።"

ኻሊድን አየችው። ኻሊድ ጣሪያውን አየ።

"እንግዲያው የፊቱን አልነካም" አለች። "የጎደለውን ጅማት ከደህናው እግርህ እሞላለሁ። ሁለቱም ይታሰራሉ፤ ትችላለህ?"

እችላለሁ አልኩ።

ይኸው አሁን በግዳዲያ ክፍሌ ውስጥ ሁለቱንም እግሬን አሳስሬ ተጋድሜአለሁ። ጎረቤቴ ሀሰና ሾርባ ይዛ መጥታ፣ ሁለተኛው ደግሞ ምን ሆነ አለችኝ። ግመሉ ይቅርታ ሊጠይቀኝ መጥቶ ረገጠው አልኳት።

ሲድን እንበረከካለሁ፣ ኢንሻአላህ። ኻሊድ ግን ያልኩትን ሁሉ ለአባቱ ነግሮ፣ ከፊሌ በሶላቴ ተደስቶ፣ ሱብሒ በደረሰ ቁጥር ያስደውልልኛል። የምሸሽበት እግር የለኝም፤ ስልኩን አነሳለሁ።