ሁለት ሱባዔ ሻይ

ደስታነሽ ያችን ቃል አሥራ አንድ ዓመት ሆዷ ውስጥ ይዛት ኖረች። ባሏ በሞተ በዓመቱ መሬቱን ለእኩል አራሽ ሰጥታ ፍኖተ ሰላም መናኸሪያው ጀርባ ሻይ ቤት ከፈተች። ያኔ የባሏ ታላቅ ወንድም አያ ገነነ፣ በሚካኤል ማኅበር ላይ፣ ሰው ሁሉ እየሰማ፣ «የወንድሜ ሚስት ለመንገደኛ ቅጠል ትቀቅላለች አሉ። ፍየል እንኳ በጥሬው ነው የምትበላው» አሉ። ማኅበርተኛው ሳቀ። እሷ ጠላ እየቀዳች ነበር፤ ቀድታ ጨረሰች። ከዚያ ወዲያ ግን ለልቅሶ ካልሆነ የእሳቸውን ደጅ አልረገጠችም።

ዘንድሮ በጥር የእህቷ ልጅ ውዳሴ ለእረፍት መጣች። ዩኒቨርሲቲ ሁለተኛ ዲግሪዋን እየሠራች ነው፤ የምትመራመረውም በሻይ ቅጠል ላይ ነው።

«አክስቴ፣ ሻይ ውስጥ ፖሊፊኖል የሚባል ነገር አለ» አለቻት፣ ብርጭቆውን ወደ ብርሃን ከፍ አድርጋ። «እሱን ለይተን የሳንባ ካንሰር ሴል ላይ ስንጨምረው መራባቱ ቀነሰ።»

«የኔ ሻይ? ካንሰር?»

«የእርስዎ ብቻ ሳይሆን፣ የሻይ ቅጠል ሁሉ። ግን አክስቴ...»

«ግንሽን ተይው! ቅጠል ነው አላልሽም? ቅጠሉ ያው እኔ የምቀቅለው ነው።» ከደምበጫ የመጣው አውቶቡስ ሰው አራገፈና ደስታነሽ እየዘፈነች ልትቀዳ ሄደች። የውዳሴ ነገር እዚያው ተቆርጦ ቀረ።

አያ ገነነ ማሳል ከጀመሩ ከርመው ነበር። ልጃቸው አንዷለም ባሕር ዳር ወሰዳቸው፤ ሳንባቸው ላይ እብጠት ታየ፤ ከእብጠቱ ቆንጥረው መረመሩና ካንሰር ነው አሉ። ሕክምናውን እንዲጀምሩ ለየካቲት አሥራ ስምንት ተቀጠሩ። ደስታነሽ ይህን በሰማች ማግስት ፔርሙዟን ሞልታ ከማንኩሳ ወዲያ ወዳለው ቀበሌያቸው ወጣች። አዝናለች፤ ውሸት አይደለም። ከኀዘኗ ሥር ግን ሌላ ነገር ነበር፦ ቅጠል ቀቃይዋ ታድናቸውና እስኪ ያኔ ምን ይሉ!

«አያ፣ የተማሩት መርምረው አግኝተውታል» አለች። «ያለ ስኳር፣ ጥቁር እስኪል ፈልቶ፣ በባዶ ሆድ። ሁለት ሱባዔ።»

ሱባዔውን ማንም አልነገራትም። ፈውስ የምታውቀው በጠበል ነው፤ ሰባት ቀን፣ ካልሆነ ሌላ ሰባት፤ በመሃል አይቋረጥም፣ ሌላ መድኃኒትም አይቀላቀልበትም። አያ ገነነም የሚያውቁት ይህንኑ ነው። ቀጠሮው ሻዩን በጀመሩ በአሥራ አንደኛው ቀን ዋለ።

«ቀጠሮውሳ፣ ደስታነሽ?»

«ጠበል ይቋረጣል እንዴ፣ አያ?»

«አይቋረጥም።»

«እንግዲያ!»

አንዷለም ጮኸ፣ ለመነ። አባቱ ንቅንቅ አላሉም፤ ሁለቱ ሱባዔ ሲያልቅም ሌላ ጨመሩበት።

መጋቢት አሥር ቀን ደስታነሽ ለውዳሴ ስልክ ደወለች፤ ልትኮራባት። ነገሩን ሁሉ ነገረቻት። ውዳሴ፣ «ሐኪሙስ ምን አለ?» አለች።

«የምን ሐኪም? ሻዩን እየጠጡ አይደለም?»

«አክስቴ፣ እኛ የሞከርነውኮ በሳህን ላይ ባለ ሴል ነው፤ በሰው አይደለም። ሰው ሲጠጣው ስንቱ ሳንባው ድረስ እንደሚደርስ እንኳ አናውቅም። ያን ዕለት ልነግርዎት ነበር።»

«ጠጥቶ የዳነ የለም?»

«የለም። ይውሰዷቸው። ነገ ዛሬ አይበሉ።»

ደስታነሽ ስልኩን ዘጋች። ማንቆርቆሪያው ይንተከተካል፤ ልታየው አልቻለችም። ነገ ዛሬ አትበዪ ተብላ ሁለት ቀን ነገ ዛሬ አለች። ዕድሜያቸው ነው አለች፤ የአምላክ ፈቃድ ነው አለች፤ ልጅቷ ቀድማ በነገረችኝ አለች። ልጅቷ ልትነግራት እንደነበር ደግሞ ጆሮዋ ያውቃል።

አሥራ ሁለት ቀን፣ በሚካኤል፣ የማኅበሩ ተራ የአያ ገነነ ነበር። ሄደች። ጋቢው ውስጥ ሰውየው አልቀዋል፤ አንገታቸው የጫጩት አንገት ሆኗል። አጠገባቸው የእሷ ፔርሙዝ ተቀምጧል። ሲያዩዋት ግድግዳውን ተደግፈው ተነሡ።

«ማኅበርተኞች፣ እናንተ ፊት የበደልኩት ነገር አለኝ። ይችን ሴት ቅጠል ቀቃይ ብዬ አሳፍሬያታለሁ። ዛሬ በእግሬ የቆምኩት በቅጠሏ ነው። ደስታነሽ፣ ይቅር በይኝ።» ዝቅ አሉ።

«ይቅር በያቸው እንጂ!» አሉ ማኅበሩን በሙሴነት የሚመሩት አያ ደረሰ።

አሥራ አንድ ዓመት ተኝታም ተነሥታም የጠበቀችው ይህንኑ ነበር። አያ ገነነ ሳል ያዛቸው፤ አፋቸውን በጋቢያቸው ጫፍ ያዙ። ጫፉ ቀላ።

«ይቅር የምል እኔ አይደለሁም» አለች። ድምፅዋ የሌላ ሰው መሰላት። «አያ፣ ሻዩ አያድንም። ልጅቷ ልትነግረኝ ስትል አፏን ዘጋሁባት፤ መስማት የፈለግሁትን ብቻ ሰማሁ። ሱባዔውንም ከራሴ ነው የፈጠርሁት። ከሐኪም ያስቀረሁዎት እኔ ነኝ፤ የፍየሏን ነገር ላስውጥዎት ብዬ።»

ከበሩ በኩል አንዱ፣ «ፍየሏ ትሻል ነበር» አለ። ማንም አልሳቀ። አንዷለም ፔርሙዙን አንሥቶ ወጣ፤ ሻዩ ደጅ ሲደፋ ተሰማ።

አያ ገነነ ተቀመጡ። «ከቀጠሮው ስንት ቀን አለፈ?»

«ሃያ አራት።»

«ቆጥረሻል።»

«ቆጥሬያለሁ።»

በማግስቱ ከአንዷለም ጋር ለሦስት ሆነው ተሳፈሩ። ባሕር ዳር ሐኪሟ ካርዱን አየች፤ ገና ወጣት ናት። «አባት፣ ቀጠሮዎ ካለፈ ወር ሊሞላ ነው። ለምን ቀሩ?»

አያ ገነነ መሬት መሬት እያዩ፣ «ገበሬ ነኝ፤ ሥራ ያዘኝ» አሉ።

በየካቲት ምን የእርሻ ሥራ አለ? ለእሷ ብለው ነው። አንዷለም እንኳ አላጋለጣትም። ዝም ብትል ነገሩ እዚያው ይቀበር ነበር። ደስታነሽ ተነሣች፤ ነጠላዋን ከራሷ አወረደች።

«ሥራ አልያዛቸውም። እኔ ነኝ ያስቀረኋቸው። ሻይ ነው የምሸጥ።»

ሐኪሟ ብዕሯን አስቀመጠች። «ይቀመጡና ይንገሩኝ፣ እናቴ።»

«ቆሜ ይሻለኛል» አለችና፣ ከፍየሏ ጀምራ ነገረቻት።