የኢየሩስ ኮከቦች

ሞላልኝ የኮቱን ቁልፎች ከላይ እስከ ታች ቆልፎ ተነሣ። ስዊድን ባለው ቤተ ክርስቲያናቸው፣ ቅዳሴ ካለቀ በኋላ ሻይ በሚጠጣበት የምድር ቤት አዳራሽ ውስጥ ኮቱን ቆልፎ የሚነሣ ሰው ብዙ ጊዜ የሚያሳውቀው ሞት ነው። ስለዚህ ሻይ የያዘ አስቀመጠ፤ ዳቦ የጎረሰ ማኘኩን አቆመ።

«ወንድሞችና እኅቶች» አለ ሞላልኝ። «በከባድ የኃላፊነት ስሜት የማሳውቃችሁ ነገር አለ። ኢንተርኔት ላይ የሂሳብ ትምህርት አለ።»

ሻዩን መልሶ ያነሣ አልነበረም።

«በነጻ» ሲል ጨመረ።

ዘግይታ የገባች አንዲት ሴት ነጠላዋን ወደ ፊቷ ሳብ አድርጋ አጠገቧ ያለችውን «ማን ነው ያረፈው?» ብላ በሹክሹክታ ጠየቀች።

«ማንም። ሂሳብ ነው።»

ሞላልኝ በሥራው የምድር ውስጥ ባቡር ሹፌር፣ እሑድ እሑድ ደግሞ የወላጆች ኮሚቴ ሊቀመንበር ነው። ነገሩን አብራራ። ከስዊድን ውጭ ሌላ አገር ያሉ፣ ልጆቻቸውን ቤት የሚያስተምሩ ቤተሰቦች ተሰብስበው ከአንደኛ እስከ ዘጠነኛ ክፍል ያለውን ሂሳብ በቪዲዮና በመልመጃ አዘጋጅተው ድረ ገጽ ላይ አስቀምጠዋል። በስዊድንኛም አለ። ልጁ በስሙ ይገባል፤ መልመጃውን ሲጨርስ ከስሙ አጠገብ ኮከብ ይበራለታል። በአንድ ቡድን የተመዘገቡ ቤተሰቦች የሁሉንም ልጆች ኮከብ ያያሉ።

«ትምህርት ቤት አይልኩም?» አለ ሐዋዝ። ሐዋዝ ሁስቢ የሚባል ሰፈር ነው የሚኖረው፤ እዚያው አጠገብ ኪስታ ካሉት ቢሮዎች በአንዱ ኮምፒውተር ይጠግናል። በኮምፒውተር ነገር እሱ ሳይጠረጥር ቀድሞ የሚጠረጥር የለም።

«አይልኩም። ቤት ነው የሚያስተምሩት።»

«እና ትምህርት ቤት የማይልኩ ሰዎች ናቸው ለእኛ ልጆች ትምህርት የሚሰጡን?»

«በነጻ» አለ ሞላልኝ፣ ይኼ የሚያረጋጋ መስሎት።

«እኔ በነጻ ነገር ተቃጥያለሁ» አለች ተጂቱ። የመዋዕለ ሕፃናት ወጥ ቤት ሠራተኛ ናት፤ ድምፅዋ ከድስቶች በላይ መሰማት የለመደ ነው። «አንዴ ስልክ በነጻ ሰጡኝ፤ አንዴ ጂም በነጻ ግቢ አሉኝ። ባሌም ሲመጣ ምንም አልጠየቀም ነበር።»

ተሳቀ። ያልሳቀችው ብርቅአየሁ ብቻ ነበረች።

ብርቅአየሁ ብሬዴንግ በሚባል ሰፈር ከልጇ ከኢየሩስ ጋር ሁለት ሆነው ነው የሚኖሩት። አቅም የከዳቸውን አረጋውያን ቤት ለቤት እየሄደች ታጥባለች፣ ታበላለች። ኢየሩስ ዐሥራ አራት ዓመቷ ነው። ትምህርት ቤት ከተከፈተ ጥቂት ቆይቶ አንድ ቀን ጠዋት ለብሳ፣ ቦርሳዋን አንግታ፣ ጫማዋ ጋ ደርሳ ተመለሰች። በማግስቱም እንደዚያው። ከዚያ ጫማዋ ጋም መድረስ ተወች። ብርቅአየሁ ተቆጣች፣ ለመነች፣ ጠበል አመጣች፣ ሐኪም ቤት ወሰደች። ሬክቶሩ፣ የትምህርት ቤቱ ኃላፊ፣ የሁለቱንም ስም እየጠራ ቀስ ብሎ አነጋገራት፤ በዚህ አገር እንዲህ ያለ ልጅ ብዙ እንዳለ፣ በትዕግሥት እንደሚመለስ ነገራት። ትምህርት ቤቱ ያውቃል። ሐኪሙ ያውቃል። የማያውቀው ቤተ ክርስቲያኑ ብቻ ነው፤ እሷ የፈራችውም ቤተ ክርስቲያኑን ነበር። ሶሻል የሚባለው የሕፃናት ጉዳይ መሥሪያ ቤት ልጃቸውን የወሰደባቸው አንድ ሐበሻ ቤተሰብ አሉ ይባላል። አይቷቸው የሚያውቅ የለም፤ የማያውቃቸውም የለም። ነገሩ የተጀመረው አንድ ሰው ለበጎ ብሎ ስልክ ሲደውል ነው ይባላል።

«ኢየሩስን ካየናት ቆየን» ሲሏት «ፈተና ላይ ናት» ትላለች። ፈተናው ከመስከረም እስከ ሁዳዴ ቆየ። በስዊድን ታሪክ እንዲህ የረዘመ ፈተና የለም።

ስለዚህ ሞላልኝ ሲናገር እሷ የሰማችው ሌላ ነገር ነው። በዚህ አገር ልጅን ቤት አስቀምጦ ማስተማር በጣም ልዩ ምክንያት ካልተገኘ አይፈቀድም። ታዲያ ልጅ ቤት የማስቀመጥ ወሬ ዛሬ፣ እዚህ፣ ለምን መጣ? ማን ልጁን ቤት እንዳስቀመጠ ለማወቅ ካልሆነ? ሞላልኝን አየችው። እሱም ወደሷ እያየ ነበር። ከኋላዋ ያለውን ዳቦ ነበር የሚያየው፤ እሷ ግን ይህን አታውቅም።

ያን ቀን ሁሉም «እኔስ አልመዘገብም» ብሎ ወደ ቤቱ ሄደ። ሲመሽ ሁሉም ተመዝግቧል። እያንዳንዱ ሌላው እንደሚመዘገብ ጠርጥሮ ነበር።

ብርቅአየሁም አስመዘገበች። የኢየሩስ ስም ከጎደለ «ለምን ጎደለ?» ይመጣል። ከተመዘገበ ደግሞ ኮከብ ያስፈልገዋል።

«ኢየሩስዬ» አለች በሩን አንኳኩታ። «አንዷን መልመጃ ብቻ ሥሪልኝ።»

«ኔይ።»

በስዊድንኛ አይሆንም ማለቷ ነው። ስለዚህ በማግስቱ ብርቅአየሁ ከአንዷ አሮጊት ወደ ሌላዋ ስትሄድ ባቡር ውስጥ ስልኳን አውጥታ ራሷ ሠራችው። ክፍልፋይ ነበር። ከላይ ያለው ምን፣ ከታች ያለው ምን እንደሚባል ጠፍቶባት ነበር፤ ሦስት ጣቢያ አልፎ ትዝ አላት። ኮከቡ ሲበራ ፈገግ አለች፤ ፊት ለፊቷ የተቀመጠው ሰውዬ ለሱ መስሎት አጸፋውን ሰጠ።

በደስታዋ መካከል ዓይኗ ያረፈው ከተጂቱ ልጅ ከሳሌም ስም አጠገብ በተደረደረው ኮከብ ላይ ነበር። ባለፈው ፋሲካ ስምንት ሕፃናትን ለሁለት ቡድን መክፈል አቅቷት ያለቀሰችው ሳሌም። የሐዋዝ ልጅ ብሩህም አለ። ቅዳሜ የብሩህ የኳስ ቡድን ብሬዴንግ መጥቶ ሲጫወት ብርቅአየሁ ከሱቅ ስትመለስ በዓይኗ አይታዋለች፤ ጭቃ በጭቃ ሆኖ ኳስ ይዞ ሲሮጥ። ቤት ገብታ ስልኳን ብትከፍት በዚያው ሰዓት ለብሩህ አዲስ ኮከብ በርቶለታል።

ጠረጠረች። ግን የሚጠረጥር ሰው ጠያቂ ነው፤ የሚጠይቅ ደግሞ ይጠየቃል። ዝም ብላ የራሷን አበዛች።

እሑድ ተጂቱ ሻይ ይዛ መጥታ አጠገቧ ተቀመጠች።

«ኢየሩስ እንቅልፍም የላት መሰለኝ። ኮከቡን ጨረሰችው እኮ።»

«ሂሳብ ትወዳለች። ሳሌምም ጎብዛለች፣ እግዜር ይባርካት።»

«በአባቷ ወጥታ ነው።»

«አባቷ ሂሳብ ይችላል?»

«አባቷ ምን እንደሚችል እኔም እስከ ዛሬ አላወቅሁም።»

ሁለቱም ሻያቸውን ፉት አሉ። ተጂቱ እንደዋዛ፣ «ግን ኢየሩስ ፈጽሞ አትታይም፣ ምነው?» አለች።

«እያጠናች ነው» አለች ብርቅአየሁ። ለመጀመሪያ ጊዜ ማስረጃ ነበራት።

ወሬው ሶለንቱና የሚባለው ሰፈር ድረስ ደረሰ። ጋሽ ዓለሙ ሶለንቱና ልጃቸው ዘንድ ነው የሚኖሩት፤ አገር ቤት ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ሂሳብ ሲያስተምሩ ኖረው ጡረታ የወጡ ሰው ናቸው። እሑድ ቅዳሴ መጥተው፣ አዳራሹ ውስጥ የኮከቡን ነገር ሲነግሯቸው ከዘራቸውን ተደግፈው እስከ መጨረሻው ሰሙ።

«እኔ ከአንድ ክፍል ሙሉ ልጅ ሁለት ጎበዝ ካገኘሁ አመሰግን ነበር» አሉ። «እዚህ ሁሉም ጎበዝ ነው?»

«ሁሉም ነው፣ ጋሼ» አለ ሞላልኝ። የሱም ልጅ ልደታ ኮከብ ነበራት።

«ውኃው ይሆን?»

«ይሆናል፣ ጋሼ።»

«እንግዲያው እኔም በነጻ ላስተምራቸው። ሐሙስ ማታ፣ በዚሁ በኢንተርኔታችሁ። ካሜራውም ማይኩም ክፍት ይሁን። የማላየውን ልጅ አላስተምርም።»

እንቢ ያለ የለም። ጋሽ ዓለሙን እንቢ የሚል ወላጅ ልጁ ምን እንደሚደብቅ ይጠየቃል። ማክሰኞ ሞላልኝ ለእያንዳንዱ ደወለ።

«ኢየሩስ ሐሙስ ትገባለች አይደል?»

«ትገባ ነበር፤ ካሜራው ተበላሸባት» አለች ብርቅአየሁ።

«ምን ችግር አለው፣ መጥቼ አይላችኋለሁ። በቀዩ የባቡር መስመር አይደል የምነዳው? ከሥራ ስወጣ ብሬዴንግ ላይ ወርጄ…»

«አይ፣ አይ። ሠርቷል።»

«አሁን?»

«አሁን።»

«ተመስገን ነው» አለ፤ እንደ አመሰገነ ሰው ግን አልነበረም።

ሐሙስ ማታ ብርቅአየሁ የሥራ ልብሷን ሳትቀይር የኢየሩስ በር ላይ ቆመች።

«ኢየሩስዬ። ሽማግሌ ናቸው፤ ክፉ አይናገሩም። አጠገብሽ እቀመጣለሁ። መልስ ካላወቅሽ ዝም በይ።»

ከበሩ ማዶ ኢየሩስ በስዊድንኛ፣ «የምትሠሪው አንቺ አይደለሽ እንዴ?» አለች።

«ማን አለሽ?»

«በስሜ ነው የምትገቢው። እኔም ከፍቼ አየዋለሁ።» አልጋው ሲንቋቋ ተሰማ። «የትናንቱን ተሳስተሻል። መቀነስ ነበረብሽ፤ ደመርሽው።»

ብርቅአየሁ ግንባሯን በሩ ላይ አስደገፈች። ከመስከረም ወዲህ ልጅቷ በራሷ አፍ ስለ ትምህርት ያነሣችው ይኼ የመጀመሪያው ነበር።

«ታዲያ ነይና አንቺ ቀንሺ።»

«ኔይ።»

ሰዓቱ ደረሰ። ብርቅአየሁ ሳሎን ጠረጴዛ ላይ ኮምፒውተሩን ከፍታ መላ መታች። ክዳኑን ወደ ኋላ ለጠጥ ስታደርገው ካሜራው ከራሷ በላይ ያለውን ግድግዳ ብቻ ያሳያል። እሷ ወንበሩ ላይ ዝቅ ብላ ከተቀመጠች አትታይም። ኢየሩስ አጎንብሳ እየጻፈች ነው ይባላል። ስሟ ከተጠራ በቀጭኑ ማሳል ነው።

ገባች። የሌሎቹ ካሜራዎች ተራ በተራ ተከፈቱ። በሳሌም ስም የፍሪጅ አናት ታየ፤ ላዩ ላይ የሽንኩርት ቅርጫት። በብሩህ ስም የመጋረጃ ዘንግ። በልደታ ስም ቁም ሣጥን ላይ የተቆለሉ ሻንጣዎች። ከሌሎቹም አንዱ አምፖል፣ አንዱ የቅዱስ ገብርኤል ሥዕል ነበር። ልጅ የሚባል አይታይም። ብርቅአየሁ ቀናች፤ የሰው ልጅ ሁሉ እንዴት አጎንብሶ ይጽፋል አለች በልቧ። የኔ ብቻ ናት ተኝታ ጣራ የምታየው።

ጋሽ ዓለሙ መጡ። መጀመሪያ የልጃቸው እጅ ታየ፤ ከዚያ ከረባት፤ ከዚያ ፊታቸው። መነጽራቸውን አውልቀው ጠረጉ፣ መልሰው አደረጉ፣ ፍሪጁን፣ ሻንጣውን፣ መጋረጃውን አንድ በአንድ አዩ። ቀስ ብለው ጉሮሯቸውን ጠረጉ፤ የሩቅ ኮሪደር፣ የጠመኔ አቧራ፣ በሩ ላይ የሚቆም የአስተማሪ ጫማ ያለበት ጠረጋ ነበር።

«እንደምን አመሻችሁ፣ ተማሪዎች።»

ያን ጊዜ ያሰበ ሰው አልነበረም። የብርቅአየሁ ጉልበት ከራሷ ቀድሞ ያውቅ ነበር። ወንበሩን ወደ ኋላ ገፍታ፣ እጆቿን ጎንና ጎኗ ላይ አድርጋ ቀጥ ብላ ቆመች። ባዶ የነበረው ግድግዳ ላይ ፊቷ ከነሥራ ልብሷ ብቅ አለ።

ፍሪጁ ፊት ተጂቱ ቆማለች፤ የወጥ ቤት ቆብ እንዳደረገች። መጋረጃው ፊት ሐዋዝ ቆሟል፤ የጆሮ ማዳመጫው አንገቱ ላይ ነው። ሻንጣዎቹ ፊት ሞላልኝ፣ የባቡሩን የደንብ ልብስ ለብሶ፣ ደረቱን ነፍቶ። ቅዱስ ገብርኤልም ከአንድ ራሰ በራ ሰውዬ ኋላ ተሸፈነ።

«እንደምን አመሹ፣ መምህር» አሉ ባንድ ድምፅ።

ከዚያ እርስ በርሳቸው ተያዩ።

ጋሽ ዓለሙ ተመለከቷቸው። «ተቀመጡ» አላሉም። ተቀመጡ ሳይባል ደግሞ የሚቀመጥ የለም፤ ስለዚህ እንደቆሙ ቀሩ። ተጂቱ የብርቅአየሁን ግድግዳ አየች። ብርቅአየሁ የተጂቱን ሽንኩርት አየች። የማንም ማይክ አልተዘጋም፤ የሁሉም ቤት ትንፋሽ ይሰማል።

ከብርቅአየሁ ኋላ በር ተከፈተ። ይህን ያህል ሰው ሳሎናቸው ውስጥ ባንድ ድምፅ ሰላምታ ሲሰጥ ሰምታ አታውቅም ነበርና፣ ኢየሩስ በፒጃማዋ፣ ጸጉሯ እንደተንጨባረረ፣ ወጣች። እናቷ አጠገብ መጥታ ቆመች፤ ስክሪኑን ጎንበስ ብላ አየችው። ከዚያ ሁሉ ፊት መካከል የልጅ ፊት የሷ ብቻ ነበር።

«ማማ» አለች። «ሁላችሁም ለምንድን ነው የቆማችሁት?»